ዓይን አፋሩን ሱፍ አታልብሱት

የአማርኛ ኮሜዲ ፊልም ዓይን አፋር ወንድ ሲገጥመው የሚያደርገው ነገር አንድ ነው፤ ፀጉር አስተካካይ ቤት ይወስደዋል። ከዚያ ሱፍ ያለብሰዋል፣ የጓደኛ መኪና ያስነዳዋል፣ ጥቁር መነጽር ያደርግለታል፣ ሙዚቃው ከፍ ይላል። በቃ፣ ልጁ ደፋር ሆነ! ስም አልጠራም፤ ፊልም የሚወድ አንባቢ ሦስት አራቱን ራሱ ይቆጥራል። እኔን የሚያናድደኝ መጀመሪያ ላይ የወደድነው ልጅ ነገር ነው። ያ ሻይ ሲያዝ ድምፁ የሚጠፋው፣ አስተናጋጇ ተሳስታ ቡና ብታመጣለት «ይሁን» ብሎ የሚጠጣው ልጅ የት ገባ? አልተለወጠም እኮ፤ ተባሮ በምትኩ ሌላ ሰው ተቀጠረ።

ይህን የምለው ሐረር ተቀምጬ ነው። ቤቴ ሐኪም ጋራ ሥር ነው። የሐረር ሰው ስለ ዓይን አፋርነት ልጻፍ ሲል አንባቢ ፈገግ እንደሚል አውቃለሁ። አገሩ ሁሉ የሚያውቀን በግልጽነታችን ነው፤ የማናውቀውን ሰው «አቦ» ብለን እንጠራለን፣ ምሳ ላይ የደረሰብንን ሳናጎርስ አንለቅም፣ ሆዳችን ያለውን አፋችን ያወጣዋል። እዚህ ተወልዶ ዓይን አፋር መሆን ማለት ታዲያ ማንም የማያምነው ዓይን አፋር መሆን ነው። ዝም ሲል ኮራ ይባላል። ሲያቀረቅር አሞታል ይባላል። ከሰው ሲሸሽ ብድር አለበት ይባላል። ለኮሜዲ ከዚህ የተመቸ ነገር አላውቅም።

ጁገል ራሷ ለዓይን አፋር የተሠራች ከተማ አይደለችም። አሚር ኑር በ16ኛው ክፍለ ዘመን ባስገነቡት ግንብ ውስጥ ያለው ጉራንጉር ሁለት ሰው ትከሻ ለትከሻ ሳይነካካ የማይተላለፍበት ቦታ አለው። አስጎብኚዎች «የዕርቅ መንገድ» እያሉ የሚያሳዩት መተላለፊያ አለ፤ የተጣሉ ሰዎች እዚያ ከተገናኙ ሳይነጋገሩ ማለፍ አይሆንላቸውም ይባላል። ሰላምታ ፈርቶ መንገድ የሚቀይር ሰው እዚያ ምን ይውጠዋል? መኪና ግርግር ብትሄዱ ደግሞ ልብስ ሰፊዎቹ ማሽናቸውን ደጅ አውጥተው ግራና ቀኝ ተደርድረዋል። ሱሪ ሊያሳጥር የቆመ ሰው ሲለካ መንገደኛው ሁሉ ያየዋል፤ ማየት ብቻ ቢሆን ጥሩ፣ «ትንሽ ልቀቅለት፣ ሆድ እያወጣ ነው» ብሎ አስተያየት ሰጥቶ ያልፋል።

ቤት ውስጥ ይብሳል። የሐረሪ ቤት ሳሎን ነደባ የሚባሉ ከፍና ዝቅ ያሉ መደቦች አሉት። የአሚር ነደባ አለ፣ የታላላቆች አለ፣ የታናናሾች አለ፣ ከበር ኋላም አለ። ማን የት እንደሚቀመጥ የታወቀ ነው። ዓይን አፋር እንግዳ ጫማውን አውልቆ ሲገባ በቀጥታ ከበሩ ኋላ ይወሸቃል። ባለቤቲቱ «ኧረ ወደ ላይ ውጣ» ትለዋለች፤ እሱ «ይመቸኛል» ይላል፤ እሷ ትጎትታለች፤ እሱ ይለምናል፤ ሽማግሌዎቹ ወሬያቸውን አቁመው ያዩታል። ፊልም ሠሪ ብሆን የልጁን ድፍረት የምለካው በነደባ ነበር። መጀመሪያ ከበር ኋላ፣ ቀጥሎ አንድ መደብ ከፍ፣ በመጨረሻ ከሙሽራዋ አባት ጎን። ልብሱ ያው፣ ፀጉሩ ያው።

እንዲህ ያለ ፊልም ይቻላል ወይ ለሚል፣ ተችሏል። እኛ ምሥራቆች የህንድ ፊልም ያሳደገን ሰዎች ነንና ከዚያው ልጀምር። እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣውን «ራብ ኔ ባና ዲ ጆዲ» ብዙዎቻችሁ አይታችሁታል። ሻህ ሩክ ካን የአምሪትሳር የመብራት ኃይል መሥሪያ ቤት ሠራተኛ ነው። ጢሙ ተከርክሞ፣ መነጽሩን አድርጎ፣ የምሳ ዕቃውን አንጠልጥሎ ቢሮ የሚሄድ ሰው። ስሙ ሱሪ ነው፤ እኛ ሰፈር ገና ሲጠራ ሳቅ ነበር። የመምህሩን ልጅ አግብቷል፤ ሆኖም ሚስቱን ቀና ብሎ አያናግራትም። ፀጉር አስተካካይ ጓደኛው ጢሙን ላጭቶ፣ የሚያብረቀርቅ ልብስ አልብሶ «ራጅ» የሚባል ወሬኛ ጎረምሳ ያደርገዋል። ሱሪም ራጅ ሆኖ ከገዛ ሚስቱ ጋር ጭፈራ ውድድር ይገባል።

እስከዚህ ድረስ የእኛው ፊልም ነው። ልዩነቱ መጨረሻው ላይ ነው። ሴትየዋ ራጅን አትከተልም፤ ባሏን ትመርጣለች። በውድድሩ ማሳረጊያ መድረክ ላይ የሚወጣውም ሱሪ ነው፣ በመነጽሩ፣ በጢሙ፣ በዚያ ደረቅ ሸሚዙ። ሰውየው ደፋር የሆነው ራጅን ለብሶ አይደለም፤ ራጅን ለማውለቅ ሲደፍር ነው። ፊልሙ ይረዝማል፣ ሚስት ባሏን በጢም ብቻ አለመለየቷም ያስቃል። ግን ዓይን አፋሩን አልካደውም።

ከዚያም በፊት ሃሮልድ ሎይድ አለ። እ.ኤ.አ. በ1922 የወጣው ድምፅ አልባው «ግራንድማዝ ቦይ» ላይ ሎይድ በጥላው የሚደነግጥ ልጅ ነው። ግቢያቸው የገባውን ዱርዬ እሱ ሲሸሽ አሮጊት አያቱ በመጥረጊያ ታባርረዋለች። ለግብዣ የወንድ አያቱን የድሮ ልብስ ለብሶ ይሄዳል፤ ጫማውን የወለወለው በዝይ ስብ ነውና የቤቱ ድመቶች ከበው ይልሱታል። የሚወዳት ልጅ ፊት ተቀምጦ እግሩን ከድመት ለማዳን የሚያደርገውን ሳይ እስካሁን እንባዬ ይመጣል። በኋላ አያቲቱ አንድ ክታብ ትሰጠዋለች፤ ወንድ አያትህ ጦርነት ላይ ይዞት የጀገነበት ነው ትለዋለች። ልጁ አምኖ ወጥቶ ዱርዬውን ይይዛል። መጨረሻ ላይ ትነግረዋለች፤ ክታብ የተባለው የጃንጥላዋ እጀታ ኖሯል።

ክታብ በሚታሰርበት አገር ያደግን ሰዎች ይህን ቀልድ ከማንም በላይ እናጣጥመዋለን። ዋናው ነገር ግን ክታቡ ውሸት መሆኑ በግልጽ መነገሩ ነው። የእኛ ፊልሞች ሱፉንና መኪናውን ይሰጡና «ይህ የጃንጥላ እጀታ ነበር» ሳይሉ ያልቃሉ። ተመልካቹም ወጣት ከሲኒማ ቤት ሲወጣ የሚያስበው የጎደለው ድፍረት ሳይሆን ብር እንደሆነ ነው።

ጡረታ እስክወጣ አማርኛ አስተምር ነበር፤ የድራማ ክበቡም የእኔ ኃላፊነት ነበር። ክበቡ ውስጥ አንድ መናገር የማይችል ልጅ ነበረ፤ ስሙ ሲጠራ እንኳ «አቤት» የሚለው በአንገቱ ነው። ለወላጆች ቀን ተውኔት የቤተ መንግሥት በረኛ አደረግሁት፤ ጦር ይዞ መቆም ብቻ፣ አንድም ቃል የለውም። የበዓሉ ዕለት ንጉሡን የሚጫወተው ተናጋሪው ልጅ መሀል ላይ ቃሉ ጠፋበት። አዳራሹ ዝም አለ። በረኛው ከንፈሩን ሳያንቀሳቅስ አንሾካሾከለት። ንጉሡ አልሰማውም። ደግሞ አንሾካሾከ። ሦስተኛው ላይ ጦሩን ይዞ እንደቆመ የንጉሡን ቃል ጮክ ብሎ ተናገረው፤ ቀጥሎም ንግሥቲቱ የምትመልሰውን፤ ቀጥሎም የአማካሪውን። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ፣ እሱም አብሮ ሳቀ። ሲያልቅ ስጠይቀው የሁሉንም ድርሻ በቃሉ ያውቀዋል። ሌሎቹ የራሳቸውን ሲያነበንቡ እሱ ሲያዳምጥ ነበራ! በማግሥቱ ክፍል ውስጥ ያው ዝምተኛ ነበር፤ ብቻ ስሙ ሲጠራ «አቤት» ይላል።

ሐረር ደግሞ ለኮሜዲ ባዕድ አይደለችም። የመጀመሪያውን የአማርኛ ተውኔት የጻፉት ፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም እዚሁ ራስ መኰንን ቤት ያደጉ፣ ኋላም ሩሲያ ሄደው የተማሩ ሰው ናቸው። «ፋቡላ፦ የአውሬዎች ኮሜዲያ» ብለው ነው የሰየሙት። ሰው ፊት ለፊት የማይለውን በእንስሳት አፍ አስብለው መኳንንቱን ሸነቆጡ፤ ጨዋታውም በንግሥት ዘውዲቱ ዘመን ታገደ። ከአንድ መቶ ዓመት በኋላ ግን ካሜራ ሲመጣብን ሳቅ ይዞ አይመጣም። የሙዚቃ ክሊፕ ሠሪዎች ሐኪም ጋራ ይወጣሉ፣ ጁገልን ቁልቁል ያነሳሉ፣ ማታ የጅብ ትርዒቱን ይቀርጹና ይሄዳሉ። እዚህ ያደገችው ጄሲካ በሺር እ.ኤ.አ. በ2021 ሰንዳንስ ላይ ያሳየችው «ፋያ ዳዪ» እጅግ ያማረ ፊልም ነው፤ ጥቁርና ነጭ፣ የጫትና የትካዜ ፊልም። ትካዜያችን እውነት ነው፤ ሳቃችንም እንደዚያው።

ታሪኩን እንኳ ልስጣችሁ፣ ክፍያ አልፈልግም። ዋናው ሰውዬ ማታ ማታ ከግንቡ ውጭ ለጅብ ሥጋ የሚያበላ ይሁን። ሥጋው የተንጠለጠለበትን እንጨት በጥርሱ ይዞ ጅቡን ፊቱ ድረስ ያስመጣል፤ ቱሪስት ያጨበጭብለታል፤ አፉ ተይዟልና መናገር አይጠበቅበትም። ቀን ላይ ግን መኪና ግርግር ያለች አንዲት ልብስ ሰፊ ፊት የተቀደደ ኮቱን ይዞ ቆሞ ላብ ያጠምቀዋል። ጅብ የማይፈራው ሰው «ስንት ነው?» ማለት ያቅተዋል። ኮቱን ለማሰፋት ይቀደዋል፣ ተሰፍቶለት ወስዶ መልሶ ይቀደዋል። የቀረውን ጉራንጉሩና ነደባው ይጽፉታል።

ስለዚህ አዲስ አበባ ያላችሁ ደራሲዎችና ፕሮዲውሰሮች፣ ኑና እዚህ ሥሩት። ጋራው ላይ ብቻ ቆማችሁ አትመለሱ፤ ወርዳችሁ ጉራንጉሩ ውስጥ ግቡ፣ አማርኛውንም ኦሮምኛውንም ሐረሪኛውንም እንደምንቀላቅለው ተዉት። ለፈተና ልጆች ስትጠሩም ቀድሞ እጁን ያወጣውን ብቻ አትውሰዱ፤ በሩ ጋ የቆመውን ጥሩና የሌሎቹን ድርሻ ጠይቁት።