በክረምት መንገድ የችኮላ ትእዛዝ ስለሚያመጣው ጉዳት

ዝናም ለገበሬ የበረከት ምንጭ ነው፤ ይኸው ዝናም ግን በመንገድ ላይ ለሚሄድ መኪና ብርቱ ፈተና ይሆናል። ከሰኔ እስከ መስከረም ያለው ጊዜ የእርሻ ሥራ የሚበዛበት ወራት ስለ ሆነ፥ ማዳበሪያውና ምርጥ ዘሩ ወደ ገጠር የሚጓዘው ብዙውን ጊዜ መንገዱ ጭቃ፥ ወንዙም ሙላት በሆነበት ሰዓት ነው። ስለዚህ አገር የሚያስተዳድር ሹም ሁሉ፥ እንዲሁም ሰፊ እርሻ ኖሮት እህል የሚያስጭን ባለ ሀብት፥ በዝናም ቀን ስለሚደረገው ጉዞ አጥብቆ ሊያስብ ይገባዋል።

አደጋ በደረሰ ጊዜ ብዙ ሰው የሚፈርደው በነጂው ላይ ብቻ ነው። ነጂው በእርግጥ ጥፋት ሊኖርበት ይችላል። ነገር ግን «ዛሬውኑ ሳይመሽ ድረስ» ተብሎ የታዘዘ፥ ቢዘገይም ደመወዙ የሚቀነስበት ሰው፥ ጐርፍ ፊት ቆሞ ለመጠበቅ ልቡ እንዴት ይበረታለታል? ትእዛዙን የሰጠው ሰው በቤቱ ተቀምጦ ሳለ ነፍሱን ለአደጋ የሚሰጠው ነጂው ነው። እንግዲህ ችኮላን ያዘዘ ሁሉ ከጥፋቱ ድርሻ እንዳለው ማወቅ ያስፈልጋል።

የእርጥብ መንገድ ጠባይ ይህ ነው። በሰዓት 60 ኪሎሜትር የሚሄድ መኪና ነጂው አደጋውን አይቶ ፍሬን እስኪረግጥ ድረስ ባለችው በአንዲቱ ሰከንድ ብቻ 17 ሜትር ያህል ይጓዛል። ከዚያ በኋላ በእርጥብ አስፋልት ላይ ለመቆም የሚፈጀው ርቀት በደረቁ ከሚፈጀው እጥፍ ያህል ሊደርስ ይችላል። ይልቁንም የመጀመሪያው ዝናም፥ በበጋ የተጠራቀመውን አቧራና የፈሰሰውን ዘይት ስለሚያቀልጠው፥ መንገዱን እንደ ሳሙና ያሙለጨልጨዋል። ጥርሱ ያለቀ ጎማ ደግሞ ውኃውን ወደ ጎን መግፋት ስለማይችል በውኃው ላይ ይንሳፈፋል፤ በዚያን ጊዜ መሪው ቢዞር መኪናው አይታዘዝም።

በጎሐ ጽዮንና በደጀን መካከል ወደ ዓባይ ሸለቆ የሚወርደውን ቁልቁለት ያየ፥ ወይም ከ3000 ሜትር በላይ ከፍታ ባለው በጣርማ በር በጉም ውስጥ ያለፈ ሰው፥ ይህን ነገር በሚገባ ያስተውለዋል። በእንዲህ ያለ ስፍራ ከባድ ማርሽ አስገብቶ፥ መብራት አብርቶ፥ ከፊተኛው መኪና ርቆ በዝግታ ከመውረድ በቀር ሌላ ብልኃት የለም። አስፋልት በሌለበት በዋልካ መሬት ላይ ደግሞ አፈሩ ውኃ ጠጥቶ ስለሚያብጥና ስለሚለሰልስ፥ ከባድ ጭነት የያዘ መኪና ራሱም ይሰምጣል፥ ለሌላው የሚሆነውንም መንገድ ያበላሻል።

ከሁሉ የሚከፋው ግን ድልድይ የሌለው መሻገሪያ ነው። 30 ሳንቲሜትር ጥልቀት ያለው ወራጅ ውኃ ትንንሽ መኪናዎችን ሊያንሳፍፍ፥ 60 ሳንቲሜትር የሆነውም ፒካፕን ሳይቀር ጠርጎ ሊወስድ ይችላል። በመሻገሪያው አጠገብ ዝናም አለመዝነቡም ማስተማመኛ አይሆንም። በ1998 ዓ.ም. ክረምት ድሬዳዋን በሌሊት የመታው የደቻቱ ጐርፍ በላይኛው ደጋ ከዘነበው ዝናም የመጣ ሲሆን፥ ከ200 በላይ ሰዎችን ገድሏል። በበጋ አሸዋ ብቻ የሚታይበት ወንዝ በክረምት እንዲህ ያለ ኃይል አለው።

በጭነት ላይ ሰው ማሳፈርም ሌላው ክፉ ልማድ ነው። በታኅሣሥ 20 ቀን 2017 ዓ.ም. በሲዳማ ክልል በቦና ዙሪያ ወረዳ ሰዎችን ያሳፈረ የጭነት መኪና ወደ ወንዝ ወድቆ ከ60 በላይ ሰዎች አልቀዋል። ይህ የሆነው በበጋ ወራት ነው፤ እንኳንስ መንገዱ በሚያንሸራትትበት በክረምት!

አንዳንድ ሰው «ዘሩ ከዘገየ አዝመራው ይጠፋል፤ መኪናን ማስቆም ገበሬውን መጉዳት ነው» ይል ይሆናል። ነገሩ እውነትነት አለው፤ ዘር ጊዜውን አይጠብቅም። ሆኖም የጠፋው ጊዜ የሚገኘው በሐምሌ ጐርፍ ውስጥ በመሮጥ አይደለም፤ በሚያዝያና በግንቦት አስቀድሞ በማጓጓዝ ነው። «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» እንደሚባለው፥ በበጋ የተኛ ሹም በክረምት ቢቸኩል ጭነቱንም ሰውንም ያጠፋል። ደራሽ ጐርፍም በድንገት እንደሚመጣ ሁሉ ብዙ ጊዜ በጥቂት ሰዓቶች ይጎድላል፤ ጥቂት ሰዓት የዘገየ ማዳበሪያ ይደርሳል፥ በውኃ የተወሰደ ግን አይደርስም።

ስለዚህ ሹማምንት ሁሉ ክረምት ሳይገባ የመንገዱን ቦይ ማስጠረግ፥ በየመሻገሪያው የውኃውን ልክ የሚያሳይ ምልክት ያለበት እንጨት ማስተከል፥ ሙላት ሲሆንም ማንንም የሚያስቆም ዘበኛ ማቆም ይገባቸዋል። ባለ ጭነቱም ጎማውንና ፍሬኑን ሳያስመረምር መኪና አይላክ፤ ጐርፍ ፈርቶ የቆመውን ነጂ ደመወዝ አይቀንስበት። ዘበኛው «ቁም» ባለ ጊዜ ደግሞ ከሁሉ አስቀድሞ የሹሙ መኪና ሊቆም ይገባል። ሹሙ ሲጥሰው ሕዝቡ ያየው ትእዛዝ ከዚያ ቀን ጀምሮ የሚያከብረው አይገኝምና።