መኪናው የልጅ፣ ደብዳቤው የአባት

በኩፓት ሆሊም የምንሠራ ነርሶች ለአረጋውያን ቀጠሮ ስንሰጥ ሁልጊዜ የምንለው ነገር አለ፤ «አባባ፣ እማማ፣ ቤት ያለውን መድኃኒት ሁሉ ይዛችሁ ኑ።» እነርሱም በፌስታል ይዘው ይመጣሉ። ፌስታሉን ጠረጴዛ ላይ ስንገለብጠው ግን ከመድኃኒቱ ጋር ያልተከፈቱ ፖስታዎች አብረው ይወጣሉ። «ልጄ፣ እግረ መንገድሽን ይህንንም እይልኝ» ይሉናል። ስለ ስኳርና ስለ ደም ግፊት ልንነጋገር በተቀጣጠርንበት ሰዓት የመኪና ቅጣት ስናነብ የምንገኘው በዚህ ምክንያት ነው።

ከጥቂት ወራት በፊት አንድ አባት እንዲሁ መጡ። የደም ግፊታቸው አልወርድ ብሎ ነበር። መድኃኒቱን ስንቆጥረው ማለቅ ከነበረበት ውስጥ ግማሹ ተርፏል። ለካ ክኒኑን ለሁለት እየሰበሩ ነበር የሚውጡት። ለምን ብለን ብንጠይቃቸው «ይህ ወር የመኪና ወር ነው» አሉን።

«አባባ፣ መኪና ይነዳሉ እንዴ?»

«እኔ? መንጃ ፈቃድም የለኝ። መኪናው የልጄ ነው፤ ወረቀቱ ግን በእኔ ስም ነው።»

ታሪኩን የምንጽፈው በእርሳቸው ፈቃድ ነው፤ ማንነታቸውን ግን አንገልጽም።

ፌስታሉ ውስጥ አራት ደብዳቤዎች ነበሩ። አንዱ የመኪናውን ዓመታዊ ፈቃድ ለማሳደስ የሚከፈለው አግራ ነው። ሁለተኛው የግዴታ ኢንሹራንስ ማደሻ፣ ሦስተኛው ከክፍያ መንገድ የመጣ ሂሳብ፣ አራተኛው ደግሞ ቀኑ አልፎ ጭማሪ የተጫነበት የመኪና ማቆሚያ ቅጣት ነው። ልጃቸው ከቤት ወጥቶ በሌላ ከተማ መኖር ከጀመረ ቆይቷል። ደብዳቤ ግን የሚሄደው መዝገብ ላይ ወዳለው ስምና አድራሻ ነው። አባትየው ልጄን አላሳፍርም ብለው ዝም አሉ፤ ከጡረታቸው ላይ ከፈሉ፤ ከመድኃኒታቸውም ቀነሱ።

እኛ ግብር አይከፈል አንልም። መንገዱም ሆስፒታሉም የሚሠራው በግብር ነው። የምንቃወመው ሁለት ነገር ነው። አንደኛው፣ የመኪና ዋጋ በአንድ ቁጥር ከመነገር ይልቅ ተቆራርጦ ዓመቱን ሙሉ በደብዳቤ መምጣቱ ነው። ሁለተኛው፣ ሸክሙ ደብዳቤውን ማንበብ በማይችለው ሰው ላይ መውደቁ ነው። ለመጀመሪያው ተጠያቂዎቹ ሕግ አውጪዎቹና ነጋዴዎቹ ናቸው። ለሁለተኛው ግን እኛ ልጆችም ተጠያቂዎች ነን።

ወላጆቻችን በጎንደር ገበያ በቅሎ ሲገዙ ጥርሷን አይተው፣ አስሮጠው፣ በሰው ፊት ዋጋ ይቆርጡ ነበር። የተቆረጠው ዋጋ ያው ዋጋው ነበር። ከዚያ በኋላ የሚቀረው ገለባና ሣር ነው፤ እርሱንም ሰው አስቀድሞ ያውቀዋል። እዚህ አገር መኪና ሲገዛ ግን የተቆረጠው ዋጋ መጀመሪያው እንጂ መጨረሻው አይደለም።

ነገሩ ከወደቡ ይጀምራል። በቤንዚን በሚሄድ የቤት መኪና ላይ የተጣለው የግዢ ግብር 83 በመቶ ነው፤ አየር እምብዛም ለማይበክሉ መኪናዎች ከዚህ ላይ ቅናሽ ይደረጋል። በዚያ ላይ ማዓም ይጨመራል፤ ከ2025 መግቢያ ጀምሮ 18 በመቶ ሆኗል። ማዓሙ የሚታሰበው ደግሞ ግብሩ በተጨመረበት ዋጋ ላይ ነው፤ በግብር ላይ ግብር ማለት ነው። ቅናሹን ትተን ብናሰላው፣ 100 ሺህ ሼቄል ያወጣ መኪና የአስመጪው ትርፍ ሳይቆጠር ወደ 216 ሺህ ይጠጋል። ያገለገለ መኪና የሚገዛ ሰውም አያመልጥም፤ የአሮጌው ዋጋ የአዲሱን ተከትሎ ይወጣልና።

«ታዲያ ለምን መኪና ትገዛላችሁ?» የሚሉን አሉ። ከእኛ ወገን ስንቱ ነው አውቶቡስ ሳይነሳ ለጽዳት ሥራ የሚወጣው? ስንቱ ነው ከሌሊት ጥበቃ አውቶቡስ ቆሞ የሚመለሰው? እናቱን በሌሊት ትንፋሽ ሲያጥራት ወደ ሆስፒታል የሚያደርስስ በምን ያድርሳት? ከማዕከል ርቆ ለሚኖር ቤተሰብ መኪና ቅንጦት አይደለም።

ስለዚህ መኪናው ከመገዛቱ በፊት የዓመቱ ወጪ ይጠየቅ። አግራው የሚወሰነው በመኪናው የዋጋ ክፍልና በዕድሜው ነው። የዋጋ ክፍሎቹ ሰባት ናቸው። መኪናው የሚመደበው አዲስ ሳለ በነበረው ዋጋ እንጂ ዛሬ በገዛንበት ዋጋ አይደለም። በርካሽ ያገኘነው ትልቅ አሮጌ መኪና በየዓመቱ ከትንሹ የበለጠ አግራ ሊያስከፍለን የሚችለው ለዚህ ነው። የሬዲዮ ክፍያም ከአግራው ጋር አብሮ ይሰበሰባል፤ ብዙ ሰው እየከፈለው እንኳ አያውቀውም።

ቀጥሎ ቴስት አለ። እዚህ ላይ ብዙ ገንዘብ የሚያልቀው በራሱ በቴስቱ ሳይሆን «ለቴስት ማዘጋጀት» በሚባለው ነው። መኪናውን መጀመሪያ ወደ ሙሳኽ ስንወስደው ባለሙያው ያየውንም የገመተውንም ይቀይራል፤ እኛም ምን እንደተቀየረ ሳናውቅ እንከፍላለን። መኪናው ደህና እየሄደ ከሆነ፣ ፈቃዱም ገና ካላለፈ፣ መጀመሪያ በቀጥታ ወደ ማኮን ሪሹይ ይሂድ። ከወደቀ ጉድለቱ በወረቀት ተጽፎ ይሰጣል። ያንን ወረቀት ይዞ ሙሳኽ መግባትና «የተጻፈውን ብቻ አስተካክልልኝ፤ ዋጋውንም አስቀድመህ ጻፍልኝ» ማለት ይቻላል። ፍሬንና ጎማ ግን ሕይወት ነው፤ በእርሱ ላይ አንቆጥብ።

በግዴታ ኢንሹራንስ፣ በቢቱዋህ ሆቫ፣ ላይም እንዲሁ አንቆጥብ። ይህን የምንለው እንደ ነርስ ነው። ከ1975 ጀምሮ ባለው የመንገድ አደጋ ካሣ ሕግ መሠረት በአደጋ የተጎዳ ሰው ጥፋቱ የማን ነው ሳይባል ካሣ ያገኛል። ኢንሹራንስ ሳይኖረው የነዳ ሾፌር ግን ለራሱ ጉዳት ካሣ የለውም። እግሩ ተሰብሮ ወራት ከሥራ ቢቀር ቤቱን የሚያስተዳድርለት የለም። ዋጋው ከኩባንያ ኩባንያ ስለሚለያይ «የዓምናው ይቀጥል» ከማለት በፊት ማወዳደር ያዋጣል። የካፒታል ገበያ ባለሥልጣን በኢንተርኔት ያወጣው ማወዳደሪያ በነጻ ነው፤ ልጅ ወይም የልጅ ልጅ በጥቂት ደቂቃ ይሠራዋል። «ሃር ሃቢቱዋህ» በሚባለው ድረ ገጽ ደግሞ በስማችን ያሉትን ኢንሹራንሶች ማየትና ለአንድ ነገር ሁለቴ እየከፈልን እንደሆነ ማወቅ ይቻላል።

ሙሉ ኢንሹራንስ፣ ማኪፍ፣ ሲገዛ ከጎኑ የሚለጠፉ ነገሮች አሉ፤ የመጎተቻ አገልግሎት፣ የመስታወት፣ የምትክ መኪና። እያንዳንዱ የራሱ ዋጋ አለው። «ያለ እነዚህ ስንት ነው?» ብሎ መጠየቅ ነውር አይደለም። መኪናው በብድር ከሆነም በወር ስንት እንደሚከፈል ብቻ ሰምተን አንፈርም። ከ2019 ጀምሮ በሥራ ላይ ያለው የፍትሐዊ ብድር ሕግ አበዳሪው የብድሩን እውነተኛ ወጪ በጽሑፍ እንዲያሳይ ያስገድዳል። የፋይል መክፈቻ የሚባለው ክፍያ፣ በመጨረሻ በአንድ ጊዜ የሚከፈለው ትልቅ ገንዘብ፣ ብድሩ ቀድሞ ቢዘጋ የሚቆረጠው ሁሉ ሳይታይ እስክሪብቶ አይነሳ። በስልክ ተደውሎ አገልግሎት ለተሸጠላቸው አረጋውያንም መፍትሔ አለ። የሸማቾች ጥበቃ ሕግ ዕድሜያቸው ለገፋ ዜጎች፣ ለአካል ጉዳተኞችና ለአዲስ ገቢዎች እንዲህ ያለውን ውል በአራት ወር ውስጥ የመሰረዝ መብት ይሰጣል።

አሁን ወደ ፖስታዎቹ እንመለስ። በመንገድ ቁጥር 6 ላይ ኬላ የለም፤ ካሜራ ሰሌዳውን ያነባል፤ ሂሳቡ ወደ ባለቤቱ ይላካል። ደንበኛ ሆኖ ያልተመዘገበ ሰው ለዚያው መንገድ የበለጠ ይከፍላል፤ ከዘገየም የመሰብሰቢያ ወጪ ይታከልበታል። የማቆሚያ ቅጣትም እንዲሁ ነው። ቅጣቱ እንዲሰረዝ ለማመልከት ያለው ጊዜ 30 ቀን ነው፤ ለመክፈል ወይም ጉዳዩ በፍርድ ቤት እንዲታይ ለመጠየቅ ደግሞ 90 ቀን። ከዚያ ካለፈ 50 በመቶ ይጨመራል፤ 250 ሼቄል የነበረው 375 ይሆናል። በየስድስት ወሩ ደግሞ ሌላ 5 በመቶ ይታከላል። ፖስታውን ሳይከፍቱ መሳቢያ ውስጥ ማስቀመጥ እንግዲህ ይህን ያህል ያስከፍላል።

ሳያውቁ የሚቀርም ገንዘብ አለ። ጉዳታቸው 60 በመቶ የደረሰና በዚህ ምክንያት መንቀሳቀስ የሚቸግራቸው፣ ወይም ያለ መኪና መሄድ ጤናቸውን የሚጎዳባቸው ሰዎች የአካል ጉዳተኛ የማቆሚያ ምልክት፣ ታቭ ናኼ፣ ከምስራድ ሃሪሹይ መጠየቅ ይችላሉ። ምልክቱ ቅርብ ቦታ ለማቆም ብቻ የሚጠቅም የሚመስለው ሰው ብዙ ነው፤ በአግራውም ላይ ትልቅ ቅናሽ ያሰጣል። የሚያስፈልገው የሐኪም ወረቀት የሚጀምረው ከእኛው ክሊኒክ ነው። በዱላ እየተደገፉ መጥተው ሙሉ አግራ የሚከፍሉ እናቶችን ስናይ ያሳዝነናል። እባካችሁ የቤተሰብ ሐኪማችሁን ጠይቁ።

በሥራ በኩልም ሁለት ነገር አስታውሱ። ሠራተኛ ወደ ሥራ ለመሄድ መጓጓዣ የሚያስፈልገው ከሆነ አሠሪው እስከ ተወሰነ የቀን ጣሪያ ድረስ የመጓጓዣ ገንዘብ ይከፍላል፤ በራሱ መኪና የሚሄድም ይህ አይቀርበትም። ሥራው ራሱ መኪና የሚጠይቅ ከሆነ ደግሞ፣ ከቤት ቤት እየዞርን እንደምንሠራ እንደ እኛ ላለ ሰው፣ ቤንዚኑንና ኢንሹራንሱን ማን እንደሚችል ከመቀጠር በፊት በጽሑፍ ይለይ። አለዚያ ደመወዙ መኪናውን ሲቀልብ ይከርማል።

«ሁሉም በኢንተርኔት አለ፤ ያላነበበ ራሱን ይውቀስ» የሚል መልስ እንሰማለን። እኛ እዚሁ አገር ዩኒቨርሲቲ ገብተን፣ በዕብራይስጥ ተፈትነን የተመረቅን ነን። ያም ሆኖ አንድ የኢንሹራንስ ደብዳቤ ለመረዳት ሁለት ጊዜ እናነባለን። ሰባ ዓመት የሆናቸው፣ በአማርኛ ወይም በትግርኛ ያደጉ እናት እንዴት አድርገው ይረዱት? ስለዚህ ከመሥሪያ ቤቶቹ የምንጠይቀው ብዙ አይደለም። ደብዳቤው ምን እንደሆነ፣ ስንት እንደሆነ፣ እስከ መቼ እንደሆነ የሚናገሩ ሦስት መስመሮች በአማርኛ ይጻፉልን። ነጋዴዎችም የመኪናውን የመጀመሪያ ዓመት ሙሉ ወጪ በአንድ ቁጥር ይንገሩን።

ለእኛ ለልጆች ደግሞ ሌላ ቃል አለን። ብድር ስላልተፈቀደልን ወይም ዕዳ ስላለብን መኪናውን በአባታችን ስም እናስመዘግባለን። አባትም «ልጄ ነው» ብሎ ይፈርማል። ከዚያ በኋላ ግን ቅጣቱም ሂሳቡም፣ ካልተከፈለም በባንክ ሒሳብ ላይ የሚመጣው እገዳ የእርሱ ይሆናል። መኪናውን የምንነዳው እኛ ከሆንን ስሙን እናዛውር፤ በፖስታ ቤት ወይም በኢንተርኔት የሚያልቅ ጉዳይ ነው። ይህ ካልሆነ ቢያንስ ደብዳቤው የሚላክበትን አድራሻ እንቀይር፤ በክፍያ መንገዱም በራሳችን ስም እንመዝገብ። ወላጅን ማክበር በሰንበት ሳም አድርጎ መሄድ ብቻ አይደለም።

ለእኒያ አባት ልጅ በእርሳቸው ፈቃድ ደወልንለት። ደብዳቤዎቹ መኖራቸውንም አያውቅም ነበር። መጥቶ ዕዳውን በክፍያ ከፋፍሎ ያዘ፤ መኪናውንም ወደ ራሱ ስም አዛወረ። ለአባትየውም ሥር የሰደደ በሽታ ያለበት ሰው በኩፓት ሆሊም ለመድኃኒት የሚከፍለው ገንዘብ ጣሪያ እንዳለው ነገርናቸው። ይህንንም አያውቁም ነበር። ለመድኃኒት ጣሪያ አለ፤ ለመኪና ግን ጣሪያ የለውም፤ ጣሪያውን የምናበጅለት እኛው ነን።

የተከበራችሁ ወላጆቻችን፣ በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ትሉን ነበር። ደብዳቤም እንዲሁ ነው። በመጣበት ቀን ለልጆቻችሁ አሳዩ፤ ልጆች ከራቁ ለጎረቤት፣ ለማኅበራዊ ሠራተኛ፣ ከጠፋም ለእኛ አምጡት። ሸክም አትሆኑብንም። ክኒናችሁን ግን አትክፈሉት።