ሊማሊሞ ቁልቁለት ላይ የዘይት ነጠብጣብ ቀላል ነገር አይደለም

መናኸሪያ ውስጥ መኪና ቆሞ የሄደበትን ቦታ እዩት። ጥቁር ነጠብጣብ አለ። አብዛኞቻችን ረግጠነው እናልፋለን። ግን ያ ነጠብጣብ ስለ ብር ዋጋ፣ ስለ መኪና ፖሊሲያችን፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ከደባርቅ ተነስቶ ሊማሊሞን ስለሚወርድ ሰው ሕይወት ይናገራል። ዛሬ እሱን እናንብበው።

ለምን አሁን?

በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ያገለገለ መኪና ማስገባትን በጣም አስወደደ። ጥር 2016 ላይ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ከእንግዲህ ወደ አገር አይገቡም አለ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ደግሞ የብር ምንዛሪ ለገበያ ተለቀቀ፤ ዶላር በንግድ ባንክ በአንድ ቀን ከ57 ብር ገደማ ወደ 74 ብር ገደማ ዘለለ፣ ቆይቶም ከ100 አለፈ።

ሦስቱን ደምሯቸው። አዲስ መኪና መግዛት ለብዙዎች ሕልም ሆነ፤ ያለው አሮጌ መኪና ደግሞ በዶላር በሚመጣ መለዋወጫ መጠገን አለበት። በዚህ ላይ ከ2015 ማብቂያ ጀምሮ በክልሉ በቀጠለው ግጭት መንገድ ሲዘጋ ዕቃውም ነዳጁም ይዘገያል። ውጤቱ ይታወቃል፦ "ትንሽ ዘይት ቢያፈስ ምን አለበት፣ እየጨመርን እንሂድ" የሚል አሠራር።

ደጋው በሞተር ላይ ምን ያደርጋል?

ደባርቅ ከ2,800 ሜትር በላይ ናት። እዚያ ያለው አየር ከባሕር ጠለል ጋር ሲነጻጸር ሩብ ያህል የሳሳ ነው። ቱርቦ የሌለው ሞተር አየር ስለሚያጥረው ጉልበቱ ይቀንሳል፤ ሾፌሩም ዳገት ላይ አብዝቶ ይረግጣል።

ሌላው ውሃ ነው። ባሕር ጠለል ላይ ውሃ በ100 ዲግሪ ይፈላል፤ ደባርቅ ላይ ግን ከ90 ትንሽ ከፍ ሲል ይፈላል። ደህና ሞተር ደግሞ የሚሠራው እዚያው 90 አካባቢ ነው። ታዲያ ለምን አይፈላም? የራዲያተሩ ክዳን ውሃውን በግፊት አፍኖ ስለሚይዘው ነው። ክዳኑ ከላላ ሞተሩ ምንም ሳይሆን ውሃው ይፈላል፤ ሞተሩ ይግላል፣ ቴስታታው ይጣመማል፣ ጓርኒሲዮኑ ይቃጠላል። ዋጋው ትንሽ የሆነ ክዳን ሙሉ ሞተር ያስወርዳል ማለት ነው።

ነጠብጣቡን እንዴት እናንብበው?

ማታ መኪናው ሥር ካርቶን አንጥፉ፣ ጠዋት እዩት።

👉 ጥቁር ወይም ቡናማ ከሆነ የሞተር ዘይት ነው።
👉 ቀይ ከሆነ ብዙ ጊዜ የመሪ ወይም የአውቶማቲክ ካምቢዮ ዘይት ነው።
👉 ወፍራምና የሚከረፋ ከሆነ የማኑዋል ካምቢዮ ወይም የዲፈረንሻል ዘይት ነው።
👉 ጎማ አጠገብ ቀጭን፣ ፈዘዝ ያለ ቢጫ ፈሳሽ ከታየ የፍሬን ዘይት ሊሆን ይችላል። መኪናው ከዚያ ቦታ አይንቀሳቀስ!

ዘይት ሲፈስ ወደ ታች ይወርዳል፣ መኪናው ሲሄድ ደግሞ ነፋስ ወደ ኋላ ይገፋዋል። ስለዚህ የሚንጠባጠብበት ቦታ የሚፈስበት ቦታ ላይሆን ይችላል። ሞተሩን አጽድቶ ትንሽ ነድቶ፣ ከላይና ከፊት መጀመሪያ የረጠበውን ቦታ መፈለግ ነው።

አንድ ነገር አትርሱ። ዘይት ከአንድ ሳይሆን ከብዙ ቦታ በአንዴ ማፍሰስ ከጀመረ፣ ጓርኒሲዮን ሁሉ ከመቀየር በፊት ሞተሩ የሚተነፍስበት ቱቦ ይታይ። እሱ ከተደፈነ ውስጥ ያለው ግፊት መውጫ ስለሚያጣ ዘይቱን በየቀዳዳው ይገፋዋል። ቱቦውን ማጽዳት ብዙ ብር ሊያድን ይችላል።

ጭሱም ይናገራል። ሰማያዊ ጭስ ዘይት እየተቃጠለ ነው። የቤንዚን መኪና ረጅም ቁልቁለት ወርዶ ነዳጅ ሲረገጥ ቡፍ ብሎ ሰማያዊ ከወጣ፣ የባልቦላ ጎሚኒ ይጠርጠር። ዳገት ላይ ጭነት ሲበዛ ከሆነ ደግሞ የፒስተን ፋሻ። ጥቁር ጭስ ነዳጅ በቂ አየር አላገኘም ማለት ነው፤ መጀመሪያ የአየር ፊልትሮው ይታይ። ሞተሩ ከሞቀ በኋላ ነጭ ጭስ ካላቆመና ውሃ እየጎደለ ከሄደ፣ ወይም ሊቤሎ ላይ ያለው ዘይት ወተት የገባበት ቡና ከመሰለ፣ ውሃው መግባት ወደሌለበት ቦታ እየገባ ነው። ሞተሩን አጥፉ።

ትልቁ አደጋ ግን ሌላ ነው

ሞተር ቢነክስ መኪና ይቆማል፤ ኪሳራው የገንዘብ ነው። የኋላ ጎማ ጋ ዘይት የሚይዘው ጎሚኒ ሲያልቅ ግን የዲፈረንሻል ዘይት ፍሬኑ ላይ ይፈሳል። ዘይት የነካው ፍሬን ደግሞ አይዝም። ይህ ዳባት ከተማ ውስጥ ሜዳ ላይ ላይታወቅ ይችላል። ጣሊያኖች በፈረንጆቹ 1930ዎቹ ገደሉን ፈልፍለው በሠሩት ሊማሊሞ ጥምዝ ላይ ግን ይታወቃል፤ ያኔ ደግሞ ረፍዷል። ነዳጅ ለመቆጠብ ብሎ በፎሌ የሚወርድ ሾፌር ከተጨመረበት፣ ሞተሩ መኪናውን መያዙ ቀርቶ ሸክሙ ሁሉ ያ ቅባታም ፍሬን ላይ ይወድቃል።

እኛ የምንለው

ጥፋቱን ሁሉ ሾፌሩ ላይ መጫን ቀላል ነው። ብዙ ሾፌሮች ግን የመኪናው ባለቤት አይደሉም፤ መኪና ጋራዥ ሲገባ የቀን ገቢያቸው ይቆማል። ባለቤቱም በዶላር የሚመጣ ዕቃ ይገዛል። መንግሥት አዲስ እንዳይገባ ከከለከለ፣ ያለውን በደህና ማቆየት የሚቻልበትን መንገድ ማሰብ ነበረበት። ለፍሬንና ለጎማ ዕቃዎች የተለየ የቀረጥ አሠራር ይኑር ብንል ብዙ ጠየቅን አንልም።

ኤሌክትሪክ መኪናስ? እውነቱን ለመናገር ለሊማሊሞ ጥሩ ነው። የሞተር ዘይት የለውም፣ ቁልቁለት ሲወርድም ሞተሩ ራሱ እየያዘው ባትሪ ይሞላል። ግን አብዛኛው ቻርጅ ማድረጊያ አዲስ አበባ ነው። ሰሜን ላይ አይሱዙውና ባጃጁ ገና ለብዙ ዓመት አብረውን ናቸው።

ቦሎ በዓመት አንዴ ነው፣ ሊማሊሞ ግን በየቀኑ አለ። ስለዚህ ሐሳባችን ቀላል ነው፦ ወደ ታች የሚወርድ መኪና ሁሉ ደባርቅ ላይ አሥር ደቂቃ ይታይ። ሊቤሎ፣ የራዲያተር ውሃና ክዳን (ሞተሩ ሲቀዘቅዝ ብቻ ይከፈት፣ ያቃጥላል!)፣ የፍሬን ዘይት፣ የአራቱም ጎማ የውስጥ ጎን። ለዚህ ላብራቶሪ አያስፈልግም። የስልክ ባትሪና የሚያየው ሰው ይበቃል።

ተሳፋሪም ብትሆኑ ጎንበስ ብሎ ማየት ነውር አይደለም። ጎማው ውስጡ በዘይት ከራሰ "ወንድሜ፣ ይሄን አየኸው?" በሉት። ቢቆጣም ይቆጣ።

እናንተ በምትሄዱበት መስመር መኪና ከመነሳቱ በፊት የሚያይ ሰው አለ? ኮሜንት ላይ ጻፉልን፤ ለምታውቁት ሾፌርም ሼር አድርጉለት።