ስሙን የማናውቀውን ቁጥቋጦ አጥር አናድርግ!



ከአጥሬ ማዶ ያሉት እናት ለፋሲካ ያሰሩት በግ በስቅለት ዕለት ሞቶ መገኘቱን ሁላችሁም ሰምታችኋል። አንዳንዱ ነፍቶት ነው አለ፣ አንዳንዱ የሰው ዓይን ነው አለ፣ በግ ሻጩን የረገመም አልጠፋም። የማንም ጥፋት አይደለም፤ የገደለው የእኔ አጥር ነው። ማክሰኞ ቁጥቋጦውን ከርክሜ ቅርንጫፉን እጥግ ላይ ከመርኩት። ሐሙስ ማታ ጠውልጎ ሳለ በጉ ገመዱን ስቦ ደረሰበት። በላ፣ አስቀመጠው፣ ተንገዳገደ፣ ሳይነጋ አለቀ። ዋጋውን ከፍያለሁ። ሴትዮዋ ግን በዓሉን ያለ በግ ዋሉ።

ከአራት ዓመት በፊት ስድስት ችግኝ ከመንገድ ዳር ስገዛ «ምን ይባላል?» ብዬ ጠይቄ ነበር። «የፈረንጅ አበባ ነው ጋሼ፤ ውኃ አይፈልግም፣ ከብትም አይነካውም» አለኝ ልጁ። ከብት የማይነካው ለምን ይሆን ብዬ አለማሰቤ! እርጥቡ ስለሚመርር እንስሳ ይሸሸዋል፤ ሲጠወልግና ሲደርቅ ግን ምሬቱ ይቀንስና ይበሉታል፣ መርዙ ግን እንዳለ ነው።

በጉ ከሞተ በኋላ ስሙን ፍለጋ ዞርኩ። አንዱ ጎረቤት «የዱር ጽጌረዳ» አለኝ፣ ሌላው «የቤተ መንግሥት አበባ»። የልጄ ስልክ በሦስት ፎቶ ሦስት ስም አወጣ። በመጨረሻ አበባና ፍሬ ያለበትን ቅርንጫፍ በጋዜጣ ጠቅልዬ አንድ የዕፅዋት መምህር ዘንድ ወሰድኩ። እሳቸው አበባውን ከማየታቸው በፊት ቅጠሉን ቆጠሩ። ከአንድ አንጓ ላይ ሦስት ሦስት ሆኖ የሚወጣ፣ ረጅም፣ ጠባብ፣ እንደ ቆዳ የጠነከረ ቅጠል፤ ሮዝ አበባ፤ ሲደርቅ ተሰንጥቆ ጸጉራም ዘር የሚበትን ቀጭን ፍሬ። «ኔሪየም ኦሌያንደር» አሉኝ። ልብ የሚያዛባ መርዝ ከሥሩ እስከ አበባው አለበት፤ እንጨቱ ሲነድ ጭሱም ይጎዳል። እኔ እኮ ግንዱን ለምድጃ ልፈልጠው ነበር!

ብጫ አበባ ያላት ዘመዱም በየግቢያችን አለች። አገሯ ሜክሲኮና መካከለኛው አሜሪካ ነው። ቅጠሏ ጠባብ ቢሆንም ሦስት ሦስት ሆኖ ሳይሆን ተራ በተራ ይወጣል፣ ስትቆረጥ ነጭ ወተት ታወጣለች፣ አረንጓዴ ፍሬዋ ሲበስል ይጠቁራል። ልጆች ዘሯን ለጨዋታ ይለቅሟታል። እሷም ልብ ትመታለች።

«ታዲያ ምን አገባን፣ ካማረ ይበቃል» የሚሉ አሉ። አይበቃም! አያቶቻችን መረንዝን በስሙ ያውቁት ስለነበር መርዙን ለቀስት ተጠቀሙበት እንጂ አጥር አድርገው በግ አላሰሩበትም። ይህ መረንዝ ደግሞ ከእኔ ቁጥቋጦ ጋር የአንድ ቤተሰብ ተክል ነው። ቅንጭብ ሲባል ወተቱ ዓይን እንደሚያቃጥል ማንም ልጅ ያውቃል። እንዶድ ሲባል ልብስ ማጠቢያነቱ ትዝ ይለናል፤ ዶክተር አክሊሉ ለማም እ.ኤ.አ. በ1964 የእንዶድ ሳሙና በፈሰሰበት ወንዝ ቀንድ አውጣው ሞቶ ያዩት ሰው ሁሉ በስሙ በሚያውቀው ተክል ላይ ነው። ስም የሌለው ተክል ግን ማስጠንቀቂያም የለውም። «የፈረንጅ አበባ» ስም ነው እንዴ?

ሌላው የማልስማማበት በድንጋጤ መጥረቢያ ማንሳቱ ነው። ከበጉ ወዲህ አንድ ጎረቤታችን ሃያ ዓመት የኖረ ቡገንቪል ከሥሩ ነቅሎ ጣለ። ቡገንቪል እሾኹ ይወጋል እንጂ በግ አይገድልም። መጀመሪያ ይታወቅ፣ ከዚያ ይቆረጥ።

ማወቅም አያቅትም። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ1959 ጀምሮ የደረቀ ተክል የሚያሰባስብ ብሔራዊ ሄርባሪየም አለን፤ የኢትዮጵያና የኤርትራ ዕፅዋት በስምንት ቅጽ ተጽፈው እ.ኤ.አ. በ2009 ተጠናቀዋል። ከእኛ የሚፈለገው ቅጠል፣ አበባ፣ ከተገኘም ፍሬ ያለበት ቅርንጫፍ በጋዜጣ መካከል ዘርግቶ ከባድ ነገር መጫን፤ ቁመቱን፣ የአበባውን ቀለም፣ ወተት ማውጣት አለማውጣቱን መጻፍ ነው። የስልኩ ፎቶ ለጥርጣሬ ይረዳል፣ ለፍርድ ግን አይበቃም። ደግሞ ለማወቅ ብሎ የሚቀምስ አይጥፋ፣ እባካችሁ! ልጅ ከበላ ወተት እያጠጡ መጠበቅ የለም፤ ቅርንጫፉን ይዞ ወዲያው ወደ ሐኪም ቤት ነው።

አሁን ወደ ማኅበራችን ልምጣ፤ ጽሑፌን የለጠፈልኝን ኮሚቴ መውቀስ ቢከብደኝም። ባለፈው ክረምት በማኅበሩ ስም የታደለን ችግኝ ላይ አንድ የስም ወረቀት አልነበረም። ስንጠይቅ «ያምራል፣ ውሰዱ» ተባልን። ለመዋጮ ደረሰኝ ላይ ስማችንን አጣርቶ የሚጽፍ ኮሚቴ የችግኝን ስም መጻፍ ምን አቃተው? ዘንድሮ ስም ያልተጻፈበት ችግኝ በሰኔ ሲመጣ እኔ አልወስድም፤ እናንተም አትውሰዱ።

የእኔን አጥር በጓንት ነቅዬዋለሁ፤ አላቃጠልኩትም። አንድ ቅርንጫፉ በጋዜጣ ተጠፍጥፎ፣ በላስቲክ ተሸፍኖ በማኅበሩ ጽሕፈት ቤት ጠረጴዛ ላይ አለ። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ እዚያው ነኝ። ሦስት ሦስት ቅጠል ያለው ቁጥቋጦ በግቢያችሁ ካለ አንድ ቅርንጫፍ ይዛችሁ ኑና አጠገቡ አድርገን እንየው።

ከአንድ የሰፈሩ ነዋሪ