ከርብራቡ ሥር

ከወናጎም ሆነ ከይርጋ ጨፌ መጥቶ ዲላ መጋዘን የሚገባ ቡና በእንጨት ርብራብ ላይ ይደረደራል። ርብራቡ የሲሚንቶውን እርጥበት ከጆንያው ያርቃል፤ ነፋስም በሥሩ ያሳልፋል። ታዲያ ጠራጊው የሚያየው ላዩን ብቻ ነው። ከሥር የፈሰሰ ፍሬ፣ ገለባና አቧራ ሲከማች ነፋሱ ይታገዳል፤ አይጥም ይራባል። 12 በመቶ ያህል እርጥበት ይዞ የገባው ደረቅ ቡና በዝናቡ ወራት እርጥበት መልሶ ይስባል፤ ይሻግታል። የሻገተ ቡና ቢቆሉት ሽታው አይለቅም፤ መጋዘኑ የኅብረት ሥራ ማኅበር ከሆነ ኪሣራው የገበሬው ነው።

እባክዎ፣ መጋዘኑ ባዶ ሲሆን ርብራቡን አንሥተው ግድግዳ ያስደግፉት፤ ወለሉንም በደረቅ መጥረጊያ እስከ ማዕዘኑ ይጥረጉ። ውኃ ማፍሰስ ይቀላል፤ እኔ ግን አልመክርም። የግድ ካጠቡ፣ ወለሉም ርብራቡም ፈጽሞ ሳይደርቁ ጆንያ አይመልሱ። ከሥር የተጠረገውን ፍሬ ከደኅናው መቀላቀልስ? የሚያደርጉት አይጠፉም፤ እርስዎ ግን ይጣሉት።