የአማተር ሬዲዮ ፈቃድ ስንት ደረጃ ይኑረው? የአሜሪካ ልምድና ያስነሣው ክርክር

የሬዲዮ ሞገድ ውስን የሕዝብ ሀብት እንደመሆኑ መጠን፣ ማን፣ በየትኛው የሞገድ ክልልና በምን ያህል ኃይል እንደሚጠቀምበት መንግሥታት በሕግ ይወስናሉ። ከተጠቃሚዎቹ መካከል ለትርፍ ሳይሆን ራሳቸውን ለማስተማር፣ እርስ በርስ ለመገናኘትና ቴክኒካዊ ምርምር ለማካሄድ ጣቢያ የሚያንቀሳቅሱት የአማተር ሬዲዮ ተጠቃሚዎች ይገኙበታል። ዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረትም በሬዲዮ ደንቡ ውስጥ ለዚህ አገልግሎት የሰጠው ትርጓሜ ይኸው ነው።

የንግድ ሬዲዮ ተጠቃሚ የተፈተሸ መሣሪያ ይዞ በተመደበለት ፍሪኩዌንሲ ብቻ ይሠራል። አማተሩ ግን ማሠራጫውን በገዛ እጁ መሥራትና ማሻሻል፣ በተፈቀደው ክልል ውስጥም ፍሪኩዌንሲ መምረጥ ይችላል። በመሆኑም ተቆጣጣሪው አካል በዋናነት የሚፈትነው መሣሪያውን ሳይሆን ሰውየውን ነው። ለሁሉም አንድ ፈተና ይበቃል ወይስ እንደ ዕውቀቱ መጠን መብቱም በደረጃ ይከፈልለት የሚለው ጥያቄ የሚነሣው ከዚህ ነው።

ዓለም አቀፉ ደንብ ቁጥሩን ለየአገሩ ትቶታል። የደንቡ አንቀጽ 25 አስተዳደሮች የአመልካቹን የአሠራርና የቴክኒክ ብቃት እንዲያረጋግጡ ያስገድዳል፤ በስንት ደረጃ እንደሚያረጋግጡ ግን አይናገርም። በዚህ ረገድ ብዙ የሞከረች፣ ደጋግማም የለወጠች አገር አሜሪካ በመሆኗ ልምዷን መመርመር ተገቢ ይሆናል።

የአሜሪካ የፌዴራል ኮሙኒኬሽን ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ1951 ባደረገው ለውጥ የአማተር ፈቃድን ስድስት ደረጃ አድርጎ አዋቀረው። እነዚህም ኖቪስ፣ ቴክኒሺያን፣ ጄኔራል፣ ኮንዲሽናል፣ አድቫንስድና ኤክስትራ ይባሉ ነበር። ኖቪስ ለጀማሪዎች የታሰበ ሲሆን፣ በደቂቃ 5 ቃል የሞርስ ኮድ መቀበልና መላክ ለሚችል ሰው ለአንድ ዓመት ብቻ የሚሰጥ፣ የማይታደስና በ75 ዋት የተገደበ ነበር። ሐሳቡ ግልጽ ነው፤ ጀማሪው በዓመቱ ውስጥ ተምሮ ወደላይ ይወጣል፣ አለዚያም ፈቃዱ ያበቃል። ቴክኒሺያን ደግሞ በከፍተኛ ፍሪኩዌንሲዎች ላይ ሙከራ ለሚያደርጉ የተከፈተ ደረጃ ነበር።

ከስድስቱ ውስጥ ኮንዲሽናል የተባለው በዕውቀት ደረጃ ከጄኔራል የሚለይበት ነገር አልነበረውም። ከመንግሥት መፈተኛ ቢሮ ርቀው ለሚኖሩ ሰዎች በአካባቢያቸው በሚገኝ በጎ ፈቃደኛ ፊት እንዲፈተኑ ታስቦ የተሰጠ ነው። የዜጋው ብቃት ሳይሆን የመንገዱ ርዝመት ራሱን የቻለ የፈቃድ ደረጃ ወለደ ማለት ነው። ለአስተዳደራዊ ችግር መፍትሔ ሲፈለግ አዲስ ደረጃ መፍጠር ምን ያህል ቀላል እንደሆነ ይህ ጥሩ ማሳያ ነው።

የከፍተኛዎቹ ደረጃዎች ዕጣ ሌላ ነበር። ኮሚሽኑ እ.ኤ.አ. በ1953 ለጄኔራልና ለኮንዲሽናል ባለፈቃዶች የአማተር ክልሎችን ሙሉ መብት በመስጠቱ፣ በደቂቃ 20 ቃል የሞርስ ኮድና ተጨማሪ የጽሑፍ ፈተና የሚጠይቀውን የኤክስትራ ደረጃ መያዝ ከክብር ያለፈ ጥቅም አጣ። ለ15 ዓመታት ያህል መሰላሉ ነበር፤ ወደላይኛው ደረጃ የሚያስወጣ ምክንያት ግን አልነበረም።

ኮሚሽኑ ይህንን ለማረም የወሰደው እርምጃ እስካሁን የሚነሣ ቅሬታ ትቶ አልፏል። “የማበረታቻ ፈቃድ አሰጣጥ” በሚል ስም የተደነገገውና እ.ኤ.አ. ከኅዳር 1968 ጀምሮ በሁለት ዙር በሥራ ላይ የዋለው ደንብ፣ በ80፣ በ40፣ በ20ና በ15 ሜትር ክልሎች ውስጥ የተወሰኑ ክፍሎችን ለአድቫንስድና ለኤክስትራ ብቻ ከለለ። ጄኔራል የነበረው ሰው ትናንት ይጠቀምበት የነበረውን ፍሪኩዌንሲ መልሶ ለማግኘት እንደገና መፈተን ግድ ሆነበት። ዓላማው የቴክኒክ ዕውቀትን ማሳደግ ነበር፤ ብዙዎች የተረዱት ግን በሕጋዊ መንገድ ያገኙትን መብት እንደመነጠቅ ነው። በዚህ ጸሐፊ እምነት ስህተቱ የደረጃዎቹ መብዛት ብቻ አልነበረም። ለአዲስ ፈተና አዲስ መብት ከመስጠት ይልቅ፣ ከነባሩ ባለፈቃድ እጅ ወስዶ ለሽልማት ማቅረቡ ነበር።

ኮንዲሽናል በ1970ዎቹ ሲቀር አምስት ደረጃዎች ቀሩ። እ.ኤ.አ. ከ1984 ጀምሮ ፈተናው ከመንግሥት ቢሮ ወደ በጎ ፈቃደኛ ፈታኞች ተላለፈ፤ በ1991 ደግሞ ቴክኒሺያን ያለ ሞርስ ኮድ ፈተና ይሰጥ ጀመር። ኮሚሽኑ በታኅሣሥ 1999 አጽድቆ ከሚያዝያ 15 ቀን 2000 ጀምሮ ተግባራዊ ባደረገው ውሳኔ ግን አዲስ ፈቃድ የሚሰጥባቸውን ደረጃዎች ወደ ሦስት አወረደ። ቴክኒሺያን፣ ጄኔራልና ኤክስትራ ብቻ ቀሩ። የጽሑፍ ፈተናውም እንደ ቅደም ተከተላቸው 35፣ 35ና 50 ጥያቄዎች ያሉት ሆነ። በጄኔቫ እ.ኤ.አ. በ2003 የተካሄደው የዓለም የሬዲዮ ኮሙኒኬሽን ጉባኤ የሞርስ ኮድን ግዴታነት ለየአገሩ ውሳኔ በመተዉ፣ አሜሪካም ከየካቲት 23 ቀን 2007 ጀምሮ ፈተናውን ሙሉ በሙሉ አስቀርታለች።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ማለት ያስፈልጋል። ኖቪስና አድቫንስድ ለአዲስ አመልካች ቢዘጉም የያዟቸው ሰዎች እያደሱ እንዲቀጥሉ ተፈቅዷል። የአሜሪካ ሬዲዮ ሪሌይ ሊግ የአድቫንስድ ባለፈቃዶች ያለ ፈተና ወደ ኤክስትራ እንዲሸጋገሩና ለጀማሪዎችም አዲስ ደረጃ እንዲከፈት እ.ኤ.አ. በ2004 ያቀረበውን ጥያቄ ኮሚሽኑ አልተቀበለውም። ከሩብ ምዕተ ዓመት በኋላ ዛሬም የኮሚሽኑ መዝገብ ሦስት ሳይሆን አምስት ደረጃ ይዟል። ደረጃን በአንድ ደንብ መክፈት ይቻላል፤ መዝጋት ግን ባለፈቃዶቹ በሕይወት እስካሉ ድረስ የሚዘልቅ ሥራ ነው።

ዛሬ በአሜሪካ ከ700 ሺህ በላይ የአማተር ባለፈቃዶች ያሉ ሲሆን፣ የክርክሩ ማዕከል በመግቢያው ደረጃ ላይ ነው። ቴክኒሺያን ከ50 ሜጋኸርትዝ በላይ ባሉት የአማተር ክልሎች ሙሉ መብት አለው። እነዚህ ሞገዶች ግን በአብዛኛው ከእይታ አድማስ ብዙም አያልፉም። አህጉር አቋርጦ የሚጓዘው ከ30 ሜጋኸርትዝ በታች ያለው ሞገድ ሲሆን፣ በዚያ ክልል ቴክኒሺያን በድምፅ እንዲነጋገር የተፈቀደለት ከ28.3 እስከ 28.5 ሜጋኸርትዝ ባለው ጠባብ ክፍል ብቻ ነው። ሊጉ እ.ኤ.አ. በ2018 ይህ መብት በ75፣ በ40ና በ15 ሜትር ክልሎችም በተወሰነ መጠን እንዲሰፋ አቤቱታ ያቀረበው፣ ጀማሪዎች በእጅ በሚያዝ ሬዲዮ በአካባቢያቸው ተወስነው እንዳይቀሩ በሚል ነበር። ተቃዋሚዎቹ በበኩላቸው የጄኔራል ፈተና 35 ጥያቄ ብቻ፣ ጥያቄዎቹም አስቀድመው በይፋ የታተሙ ስለሆኑ፣ ከ35ቱ 26 ለመመለስ የሚተጋ ሰው የሚከለክለው ነገር የለም ይላሉ። ሁለቱም ወገኖች እውነት አላቸው።

ጉዳዩ የትርፍ ጊዜ ማሳለፊያ ጉዳይ ብቻ ቢሆን ኖሮ ይህን ያህል ባላነጋገረ ነበር። ማሪያ የተባለው አውሎ ነፋስ እ.ኤ.አ. በ2017 ፖርቶ ሪኮን ሲመታ የኤሌክትሪክና የስልክ አገልግሎት በደሴቲቱ ተቋረጠ። የአሜሪካ ቀይ መስቀል እስከ 50 የሚደርሱ የአማተር ሬዲዮ በጎ ፈቃደኞች እንዲላኩለት ሊጉን ጠየቀ። ከደሴቲቱ ወደ ዋናው ምድር መልእክት ለማሻገር የሚያስፈልገው ደግሞ ቴክኒሺያን በብዛት የማይጠቀምበት ረጅም ርቀት ተጓዥ ሞገድ ነው። የመግቢያ ደረጃው መብት ሲወሰን፣ በአደጋ ጊዜ ልምድ ያለው ሰው ምን ያህል እንደሚገኝም አብሮ ይወሰናል።

ሌሎች አገሮች የተለያየ መንገድ ተከትለዋል። ጃፓን አራት ደረጃ አላት፤ በ1990ዎቹ አጋማሽ ከ1.3 ሚሊዮን በላይ የነበረው የጣቢያ ፈቃድ ቁጥሯ ግን ዛሬ ከ400 ሺህ በታች ወርዷል። አራቱ ደረጃዎች በዚያ ሁሉ ጊዜ ስለነበሩ ለዕድገቱም ሆነ ለውድቀቱ ብቸኛ ምክንያት ሊሆኑ አይችሉም፤ የተንቀሳቃሽ ስልክ መስፋፋት ከፍተኛ ድርሻ አለው። ፈረንሳይ እ.ኤ.አ. በ2012 የጀማሪ ደረጃዋን ለአዲስ አመልካቾች ዘግታ ወደ አንድ ፈተና ስትመለስ፣ ጀርመን በተቃራኒው ከሰኔ 2024 ጀምሮ በሁለቱ ነባር ደረጃዎቿ ሥር ሦስተኛ የመግቢያ ደረጃ ጨምራለች። ብሪታንያ ሦስት ደረጃዋን እንደያዘች፣ በዚያው ዓመት የጀማሪዎችን የኃይል ጣሪያ ከ10 ወደ 25 ዋት ከፍ አድርጋለች።

ከዚህ ሁሉ የሚወጣው መመዘኛ በእያንዳንዱ ደረጃ መካከል ያለው የመብት ልዩነት ለአመልካቹ የሚታይ፣ ለተቆጣጣሪው ደግሞ የሚያስፈጽመው መሆኑ ነው። አንድ ደረጃ በተጨመረ ቁጥር ሥርዓተ ትምህርት፣ የጥያቄ ማኅደር፣ መዝገብና ክትትል ይጨመራል። የቁጥጥር ባለሙያው በአየር ላይ የሰማው ድምፅ በዚያ ፍሪኩዌንሲ የመናገር መብት እንዳለው ማወቅ አለበት። በአሜሪካ አጫጭሮቹ የጥሪ ምልክቶች ለኤክስትራ ባለፈቃዶች የተተዉ ቢሆኑም፣ ደረጃውን ያሳደገ ሰው የቀድሞ ምልክቱን ይዞ መቆየት ስለሚችል ምልክቱን ሰምቶ ደረጃውን መለየት አይቻልም። መዝገብ መክፈት ያስፈልጋል። ባለፈቃዶቿ በመቶዎች ለሚቆጠሩ አገር አምስት ወይም ስድስት ደረጃ ማቆም ከሚሰጠው ጥቅም ይልቅ የሚያስከትለው የወረቀት ሥራ ይበልጣል።

ሌላው ሊታሰብበት የሚገባው ፈቃዱ ከአገር ውጭ ያለው ተቀባይነት ነው። የአውሮፓ የፖስታና ቴሌኮሙኒኬሽን አስተዳደሮች ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ1985 ያወጣው ምክረ ሐሳብ፣ አባል ያልሆኑ አገሮችም ሊቀላቀሉት የሚችሉት ሲሆን፣ ባለፈቃዱ ለአጭር ጊዜ ጉብኝት በሌላ አገር ያለ ተጨማሪ ፈተና እንዲሠራ ያስችላል። ለጀማሪዎችም ራሱን የቻለ ሌላ ምክረ ሐሳብ አለ። በዚህ አሠራር የአሜሪካ ኤክስትራና አድቫንስድ ሙሉ ዕውቅና፣ ጄኔራል የጀማሪ ዕውቅና ሲያገኙ፣ ቴክኒሺያን ምንም አያገኝም። የአሜሪካ ሦስት ደረጃ ድንበር ሲሻገር ሁለት ይሆናል ማለት ነው።

በአገራችን የስፔክትረም አስተዳደር በአዋጅ ቁጥር 1148/2011 ለተቋቋመው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን የተሰጠ ኃላፊነት ነው። የኢትዮጵያ አማተር ሬዲዮ ማኅበርም በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት፣ በተለምዶ 5 ኪሎ ግቢ በሚባለው፣ በኢቲ3ኤኤ የጥሪ ምልክት የሚታወቅ ጣቢያ አለው። ጣቢያው በቴክኖሎጂ ተማሪዎች መካከል መገኘቱ የመግቢያ ደረጃው ለማን መመጠን እንዳለበት ይጠቁማል። አነስተኛ የአማተር ማኅበረሰብ ላለው እንዲህ ዓይነት አገር ሁለት ደረጃ በቂ ይመስላል። የታችኛው አንድ ተማሪ በአንድ ሴሚስተር ተዘጋጅቶ የሚያልፈው፣ ነገር ግን በአነስተኛ ኃይል ረጅም ርቀት በሚጓዙት ሞገዶች ላይም የሚያሠራ፤ የላይኛው ሙሉ ኃይልና ሙሉ ክልል የሚሰጥ፣ ሥርዓተ ትምህርቱም ከአውሮፓው ጋር የተናበበ ቢሆን፣ የአገር ውስጡ ፈተና ለዓለም አቀፍ ዕውቅናም ያገለግላል።