የትምህርት ቤት ገንዘብና የሕዝብ ዐይን

ትምህርት ቤት በሁለት ነገር ይቆማል፤ በገንዘብና በጠባቂ። ገንዘብ ከሌለ መምህር አይቀጠርም፤ ጣራ አይከደንም፤ መጽሐፍ አይታደልም። ጠባቂ ከሌለ ደግሞ የተቀጠረው መምህር ከክፍሉ ይጠፋል፤ የተከደነው ጣራ ያፈስሳል፤ የመጣውም መጽሐፍ በዕቃ ቤት ተቆልፎበት ምስጥ ይበላዋል። ስለ ገንዘቡ ብዙ ሲነገር እንሰማለን። ስለ ጠባቂው፣ ይኸውም ሕዝቡ መርጦ በትምህርት ቤቱ ላይ ስለሚያስቀምጠው ቦርድ፣ የሚነገረው ግን ጥቂት ነው። ስለዚህ ዛሬ የምናነሣው ጥያቄ የትምህርት ቤት ገንዘብ ከማን ይምጣ፣ ማንስ ይጠብቀው የሚል ነው።

ጥያቄው የትርፍ ጊዜ ጨዋታ አይደለም። የ2014 ዓ.ም.ን የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከወሰዱት ተማሪዎች መካከል ግማሽና ከዚያ በላይ ያገኙት 3.3 በመቶ ብቻ መሆናቸው በተነገረ ጊዜ አገሩ ሁሉ ደነገጠ። ከዚያ ወዲህ ስለ ትምህርት ቤቶቻችን ድካም የማይናገር የለም። «ትምህርት ለትውልድ» በተባለው ንቅናቄም ሕዝቡ ገንዘብ፣ እንጨት፣ ድንጋይና ጉልበት እንዲያዋጣ ይጠየቃል፤ ያዋጣልም። ይህ የሚያስመሰግን ነው። ዳሩ ግን ያዋጣ ሰው ያዋጣው ነገር የት እንደ ደረሰ የመጠየቅ መብት አለው ወይስ የለውም? አለው ካልን፣ የሚጠይቀው በማን በኩል ነው?

በዚህ ነገር ረጅም ልምድ ያላት አገር አሜሪካ ናት። በዚያ አገር 13,000 ያህል የትምህርት አውራጃዎች ሲኖሩ፣ አብዛኞቹ የሚተዳደሩት የአካባቢው ነዋሪ በድምፁ በመረጠው ቦርድ ነው። ቦርዱ የትምህርት ሥራ መሪውን ይቀጥራል፤ ካልሠራም ያሰናብታል፤ በጀቱን ያጸድቃል፤ ስብሰባውንም በሕዝብ ፊት ያደርጋል። በኒው ዮርክ ክፍለ አገር ከትልልቆቹ ከተሞች በቀር ነዋሪው በየዓመቱ በሜይ ወር ሦስተኛው ማክሰኞ ወጥቶ የትምህርት ቤቱን በጀት ራሱ «ይሁን» ወይም «አይሁን» ይላል። በጀቱ ሁለት ጊዜ ከወደቀ ቦርዱ በሕግ በተወሰነለት የቁጠባ በጀት ይሠራል። በቨርጂኒያና በሜሪላንድ የሚኖሩ፣ የዚያን አገር ዜግነት ያገኙ ወገኖቻችንም ልጆቻቸው የሚማሩበትን ትምህርት ቤት ቦርድ ለመምረጥ ድምፅ ይሰጣሉ። እውነቱን ለመናገር በምርጫው ቀን የሚወጣው ሰው ብዙ ጊዜ ጥቂት ነው። ቢሆንም በሩ ክፍት ነው፤ የከፋው ሰው መውጫ አለው።

ነገር ግን የአሜሪካንን ሥርዓት አይቶ ማድነቅ ብቻ አይበቃም፤ ጉድለቱንም ማየት ይገባል። በዚያ አገር ለትምህርት ቤት ከሚወጣው ገንዘብ ትልቁ ክፍል የሚመጣው ከክፍለ አገሩ መንግሥትና ከአካባቢው ነው። የአካባቢውም ድርሻ በአብዛኛው የሚሰበሰበው በቤትና በመሬት ላይ ከሚጣለው ግብር ነው። እንግዲህ ቤቱ ውድ በሆነበት ሠፈር ትንሽ ግብር ብዙ ገንዘብ ያስገኛል፤ ቤቱ ርካሽ በሆነበት ሠፈር ብዙ ግብር ትንሽ ገንዘብ ያስገኛል።

ለዚህ ምስክር የሚሆነን በቴክሳስ፣ በሳን አንቶኒዮ ከተማ የተነሣው ክርክር ነው። እ.ኤ.አ. በ1968 ዴሜትሪዮ ሮድሪጌስና ሌሎች ወላጆች ኤጅዉድ ስለ ተባለው የድኾች ሠፈር ትምህርት ቤቶች ከሰሱ። በፍርድ ቤቱ መዝገብ እንደ ተጻፈው የኤጅዉድ ሰዎች በ100 ዶላር ንብረት ላይ 1 ዶላር ከ5 ሳንቲም ከፍለው ከአካባቢው ግብር ለአንድ ተማሪ የደረሰው 26 ዶላር ብቻ ነበር። በዚያችው ከተማ አላሞ ሃይትስ በተባለው የባለጠጎች ሠፈር ግን ሰዎቹ 85 ሳንቲም ብቻ ከፍለው ለአንድ ተማሪ 333 ዶላር ደረሰ። ክፍለ አገሩና የፌዴራሉ መንግሥት የሰጡት ተጨምሮበት እንኳ በኤጅዉድ 356፣ በአላሞ ሃይትስ 594 ዶላር ሆነ። ድኻው የበለጠ ከፈለ፤ ልጁ ግን ያነሰ አገኘ። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1973 በ5 ድምፅ ለ4 «ይህ የፌዴራሉን ሕገ መንግሥት አይጥስም» ብሎ ፈረደ። የቴክሳስ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በክፍለ አገሩ ሕገ መንግሥት መሠረት ሥርዓቱ የተሳሳተ መሆኑን የተናገረው ከ16 ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1989 ነው። በዚያን ጊዜ የ1968ቱ ልጆች አድገው የራሳቸውን ልጆች ያስተምሩ ነበር።

ከዚህ የከፋም አለ። በቨርጂኒያ ፕሪንስ ኤድዋርድ በተባለው አውራጃ፣ ነጭና ጥቁር ልጆች አብረው ይማሩ የሚለው ፍርድ እንዳይፈጸም፣ ሕዝብ የመረጠው የአውራጃው ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ1959 ለትምህርት ቤት ግብር አልጥልም አለ። የመንግሥት ትምህርት ቤቶች በሙሉ ተዘጉ። ለነጮቹ ልጆች የግል ትምህርት ቤት ተከፈተላቸው፤ ከጥቁሮቹ ልጆች ብዙዎቹ እስከ 1963 ድረስ ለአራት ዓመት ያለ ትምህርት ቀሩ። የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት «ይህ አይሆንም» ብሎ እስኪፈርድ ድረስ የመንግሥት ትምህርት ቤቶቹ በር አልተከፈተም። የሰባት ዓመት ልጅ የነበረው በዐሥራ አንድ ዓመቱ ፊደል ሊቆጥር ገባ። ስለዚህ «በሕዝብ የተመረጠ» የሚለው ቃል ብቻውን ለፍትሕ ዋስ አይሆንም። ገንዘቡ በአካባቢው ሰው ሀብትና ፈቃድ ላይ ብቻ ሲንጠለጠል የድኻውና የተናቀው ልጅ ይጐዳል።

«እንግዲያውስ ገንዘቡንም ሥልጣኑንም ጠቅልሎ ለማዕከላዊው መንግሥት መስጠት ይሻላል» የሚል አንባቢ ይኖር ይሆናል። ለእርሱ ደግሞ የኡጋንዳን ታሪክ እንንገረው። የኡጋንዳ መንግሥት ለአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች በተማሪ ቁጥር የሚታሰብ ድጎማ ይልክ ነበር። የኢኮኖሚ ሊቃውንት ሒሳቡን ከላኪው ቢሮ እስከ ትምህርት ቤቱ በር ተከትለው ሲመረምሩ፣ እ.ኤ.አ. ከ1991 እስከ 1995 ከተላከው ገንዘብ ለትምህርት ቤቶቹ የደረሰው በአማካይ 13 በመቶ ብቻ ሆኖ ተገኘ። የቀረው በመንገድ፣ በየአውራጃው ሹማምንት እጅ ቀረ። ከዚህ በኋላ መንግሥቱ ለየአውራጃው የተላከውን ገንዘብ በጋዜጣ ያወጣ ጀመር፤ ትምህርት ቤቶችም የደረሳቸውን በማስታወቂያ እንዲለጥፉ ታዘዙ። እ.ኤ.አ. በ2001 የሚደርሰው ከ80 በመቶ በላይ ሆነ። ለዚህ ለውጥ ድርሻ ካበረከቱት ነገሮች አንዱ ወላጁ የሚጠይቀውን ነገር ማወቁ ነው።

እንግዲህ ሁለቱን ታሪኮች አብረን ስናያቸው የሚሰጡን ትምህርት አንድ ነው። ገንዘቡ ከሰፊው አገር ይምጣ፤ ዐይኑ ከቅርብ ይሁን። አባቶቻችን «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ያሉት ለመጀመሪያው ይሠራል። «ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት» ያሉትም ለሁለተኛው ይሠራል።

ወደ አገራችን ስንመለስ ነገሩ አዲስ እንዳልሆነ እናገኛለን። በ1940 ዓ.ም. የወጣው የትምህርት ግብር አዋጅ በመሬት ላይ የተለየ ግብር ጥሎ፣ ገንዘቡ በተሰበሰበበት ጠቅላይ ግዛት ለአንደኛ ደረጃ ትምህርት እንዲውል አዝዞ ነበር። ይህን የሚመለከቱ የትምህርት ቦርዶችም በየጠቅላይ ግዛቱ ነበሩ። አሳቡ መልካም ነበር፤ ነገር ግን ከላይ ያየናቸው ሁለቱም ጉድለቶች አልቀሩለትም። ብዙ ግብር የሚያስገባው አገር ሲቀድም ሌላው ወደ ኋላ ቀረ፤ በቦርዱም የሚሰበሰቡት ገበሬው የመረጣቸው ሳይሆኑ በሹመት የመጡ ነበሩ።

ዛሬ ሕጉ ከዚያ በጣም ርቋል። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ትምህርት ቤቶች ኅብረተሰቡ፣ መምህራንና ተማሪዎች በሚገኙበት ቦርድ ወይም ኮሚቴ እንዲመሩ ተናገረ። በ1994 ዓ.ም. የወጣው የትምህርት አመራር፣ አደረጃጀት፣ የኅብረተሰብ ተሳትፎና ፋይናንስ መመሪያም የቀበሌ ትምህርትና ሥልጠና ቦርድንና የወላጅ መምህር ኅብረትን ሥራ ዘረዘረ። ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ በትልልቆቹ ክልሎች በጀት በጥቅል ለወረዳ ይሰጥ ጀመር። ከ2001 ዓ.ም. በኋላም በተማሪ ቁጥር የሚታሰብ ድጎማ እስከ ትምህርት ቤቱ ድረስ ይወርድ ጀመር። በወረቀት ላይ ገንዘቡ ከሰፊው አገር ይመጣል፤ ዐይኑም ከቅርብ ተቀምጧል።

በተግባር ግን ምን እናያለን? ከወረዳው የትምህርት በጀት አብዛኛው ለደመወዝ ይውላል፤ ለጠመኔ፣ ለመጽሐፍ፣ ለወንበር ጥገና የሚተርፈው ጥቂት ነው። ጥቂቱ ስለማይበቃ ወላጅ ይጠራል። ወላጁ የሚጠራው ግን አብዛኛውን ጊዜ መዋጮ ሲያስፈልግ ነው። ቦርዱንም ብዙ ጊዜ የቀበሌው ሹም በሰብሳቢነት፣ ርእሰ መምህሩ በጸሐፊነት ይይዙታል። አርሶ አደሩ ከኋላ ተቀምጦ የተነበበለትን ይሰማል፤ «ተስማምታችኋል?» ሲባል እጁን ያወጣል፤ ወደ ቤቱ ይሄዳል።

ይህን አይተው «ሕዝባችን አልተማረም፤ ሒሳብ መቈጣጠር አይችልም» የሚሉ አሉ። እነዚህ ሰዎች ዕድራቸውን ቢያስታውሱ መልካም ነው። ያው ፊደል አልቈጠረም የሚባለው ሰው የዕድሩን ዳኛ ይመርጣል፤ ጸሐፊውንና ገንዘብ ያዡን ይሾማል፤ ሲያጠፉም ይሽራል። በሣጥኑ ውስጥ ስንት ብር እንዳለ፣ ድንኳኑ የት እንደ ተዋሰ፣ ስንት ሳሕንና ስንት ብርጭቆ እንደ ጐደለ ያውቃል። ከስብሰባ የቀረውን ይቀጣል፤ ሒሳብ ያላወራረደውን ያፋጥጣል። በዕድር እንዲህ አንደበተ ርቱዕ የሆነ ሰው በትምህርት ቤት ስብሰባ ዝም የሚለው ዕውቀት አጥሮት አይደለም። የዕድሩን ዳኛ ራሱ ስለ መረጠው፣ ሣጥኑም የራሱ መሆኑን ስለሚያውቅ ይናገራል። የትምህርት ቤቱ ሣጥን ግን የእርሱ መሆኑን ማንም አልነገረውም።

«ቦርዱ በእውነት ቢመረጥ የዘመድና የወገን መጫወቻ ይሆናል» የሚሉም አሉ። ይህ ሥጋት ከንቱ አይደለም። መድኃኒቱ ግን ምርጫውን ማስቀረት ሳይሆን ሥልጣኑን በሕግ መከለል ነው። ቦርዱ ማን ይማር ማን አይማር ብሎ ሊወስን አይችልም፤ የመምህሩን ደመወዝ ሊከለክል አይችልም። የፕሪንስ ኤድዋርድ ልጆች ታሪክ ይህን ያስተምረናል። ቦርዱ ሊያደርግ የሚችለው የመጣውን ገንዘብ ማወቅ፣ አወጣጡን መወሰን፣ የቀረውን መምህር መጠየቅ፣ የጐደለውንም ለበላይ ማመልከት ነው።

ስለዚህ በእኛ አስተያየት ሦስት ነገር ሊደረግ ይገባል። በመጀመሪያ፣ ወረዳው ለእያንዳንዱ ትምህርት ቤት የላከው ገንዘብና ሕዝቡ ያዋጣው መዋጮ፣ የወጣበትም ሥራ፣ በአካባቢው ቋንቋ ተጽፎ በትምህርት ቤቱ በር ላይ ይለጠፍ፤ በገበያና በየጸሎት ቤቱ ደጅም ይነበብ። ይህ የሚያስወጣው የአንድ ወረቀትና የአንድ ቀን ድካም ነው። ሁለተኛ፣ የቦርዱ ሰብሳቢ በሹመት ሳይሆን በወላጆች ምርጫ፣ ለተወሰነ ዘመን ይቀመጥ፤ የዓመቱ ሒሳብ ሳይሰማም አዲስ መዋጮ አይጠየቅ። ሦስተኛ፣ መዋጮ የመንግሥትን በጀት አይተካ። መዋጮ የሚበዛው ሰው በከበረበት ቀበሌ ነው፤ ድርቅ ወይም ጦርነት የጐዳው ቀበሌ ምን ያዋጣል? ለእንዲህ ያለው ቦታ የወረዳውና የክልሉ እጅ ከሌላው ይልቅ ሊዘረጋ ይገባዋል። አለዚያ የኤጅዉድ ነገር በእኛም አገር ይደገማል።

ይህ ሁሉ የሚፈጸመው በታላላቅ ባለሥልጣኖች ፊርማ ብቻ አይደለም። በወረዳ የገንዘብ ወይም የትምህርት ጽሕፈት ቤት የተቀመጥህ ወጣት ሆይ! የላክኸውን ገንዘብ ልክ ለቀበሌው ሰው ለመናገር የማንም ልዩ ፈቃድ ሊያስፈልግህ አይገባም። ሰው ሲጠይቅህ «ይህ ያንተ ጉዳይ አይደለም» አትበለው፤ ጉዳዩ የልጁ ነው። ለበዓል ወይም ለክረምት ወደ አገርሽ የምትመለሺ ተማሪም፣ አባትሽ እጁን አውጥቶ ያጸደቀውን ሒሳብ አንብበሽ ልታስረጂው ትችያለሽ። አንተም ትምህርትህን ጨርሰህ በሠፈርህ ብትቀመጥ፣ ቦርዱ ጸሐፊ ሲፈልግ «እኔ ልጻፍ» ማለት ታላቅ አገልግሎት ነው።

መንግሥት ገንዘቡን ከሁሉ ሰብስቦ ለሁሉ ያካፍል። ሕዝቡም ለዕድሩ ሣጥን ያለውን ዐይን ለትምህርት ቤቱ ሣጥን ይስጥ። አንዱ ከሌላው ከተለየ የሚጐዳው ሹሙ ወይም ወላጁ ብቻ ሳይሆን፣ ነገ ማለዳ ደብተሩን በብብቱ ይዞ በዚያ በር የሚገባው ልጅ ነው።